ማሰሪያ አንቀጽ

ሰው ሁሉ ቦታ አለው ያ እሑድ ሲወሳ፤
አንዱ ፀጉር ቤት ነው፣ ግማሽ ጢሙ ሳይነሣ፣
አንዷ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የእሑድ ተረኛ፣ ክር ስትለካካ።
እኔንም «አንተስ ያኔ የት ነበርክ?» ሲሉ፣
«ዋሻ ውስጥ» እላለሁ፤ ይሥቃሉ ሁሉ።

ቀልድ አይደለም።
የቅድስት እሑድ ነው፣ የወሩም ልደታ፣
ከደብረ ብርሃን ወጣን፣ ቅጥቅጧ ሞልታ።
እኔ ረዳት ነኝ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣
«ሸዋሮቢት! ደብረ ሲና!» ብዬ ብዬ
ጉሮሮዬ ደርቋል።
ጣራው ላይ ጌሾ ነው፣ የመንዝ ባና ታስሮ፣
ከውስጥ ሠላሳ ሰው፣ ጉልበት ከጉልበት ተማክሮ።
አምስት ብር መልስ አለብኝ፣ ለአንድ ሽማግሌ፣
«ሲወርዱ ይወስዳሉ» አልኩ፣ እንደ አመሌ።

ጣርማ በር ጉሙ ወርዷል። ጭላዳዎቹ ከአፋፉ
ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣር ይነጫሉ።
የማንያዘዋል ሬዲዮ ያስላል፣ ይንቋቋል፣ ይመለሳል።
ድንገት ጠራ። እንዲያ ጠርቶ አያውቅም፦
«ዛሬ ጠዋት ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን…»
ወሬ ቆመ። እጄ ላይ ያለው ብር ረጠበ።
«…ተሳፍረው የነበሩት መንገደኞች በሙሉ—»

ዋሻው ዋጠን።

በሙሉ ምን?
አማርኛ እንዲህ ነው፤ ማሰሪያውን ከኋላ አስከትሎ፣
ሞት ይሁን ሕይወት ሳይል ያቆይሃል አንጠልጥሎ።
የሞተሩ ድምፅ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ፣
ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ የአንዲት ግሥ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«በሙሉ ምን አለ?» አለች አንዲት ሴት፣ በቀጭን ድምፅ።
ውሃ ከጣራው ይንጠባጠባል።
ከዚያ ሽማግሌው፣ እኔ መልስ ያለብኝ ሰው፣
እሳቸው መልሱን ሰጡን፦
«በሙሉ ተርፈዋል።»
ረጋ ብለው፣ በጆሮው እንደ ሰማ ሰው።

እፎይ አልን።
«ተመስገን» አለ አንዱ። ባለጌሾዋን እልልታ ቃጣት።
ማንያዘዋል ማርሽ ለወጠ።
እኔም፣ ማንም በማያየኝ ጨለማ፣ አማተብኩ።

ስንወጣ ሬዲዮው ጩኸት ብቻ ነው፣ ገደሉ ሞገዱን በልቶት፤
ማንም አልነካውም፣ ሁሉም የሰማው በቅቶት።
እስከ ደብረ ሲና፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ፣
አገር ሲያለቅስ፣ እኛ መኪና ውስጥ ሰዎቹ ነበሩ፤
ቦርሳቸውን አውርደው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣
ለቤታቸው ደውለው፣
እየተሣሣቁ ይወርዱ ነበር።

ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ ሻጮቹ ሮጡ።
እንደ ወትሮው ሮጡ፣ ግን አልጮኹም።
ትርንጎ ቆሎዋን በመስኮቱ ከፍ አድርጋ ያዘች፣
ዋጋ ሳትጠራ።
ፊቷን አየሁት።
ግሡ እዚያ ነበር።

በዚያ ግርግር ሽማግሌው ወረዱ፣
አምስት ብራቸውን ሳይወስዱ።
ሳምንት ስፈልግ ሰንብቼ፣ ጎማ ስንቀይር አንድ ቀን፣
ማንያዘዋል ብሎን እየፈታ፦
«አባ ወልደየስን ነው? እሳቸው እኮ ደንቆሮ ናቸው፤
ዐሥር ዓመት አለፋቸው።»

አልሰሙም። ሬዲዮውንም፣ የሴትዮዋንም ጥያቄ።
ብርሃን ሳለ ፊታችንን አይተው ነው፤
ፊታችን የለመነውን
ጨለማ ውስጥ የሰጡን።

ዋሹ ልበል? አላውቅም።
ብሯ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አለች፤
ከመታጠፍ ብዛት መሐሏ ሳስቷል።

አሁን ሹፌሩ እኔ ነኝ።
ጣርማ በር ስደርስ፣ ጨለማው ሳይመጣ፣ ሬዲዮ አጠፋለሁ።
«ኧረ ኳስ እየሰማን!» ይላሉ ከኋላ።
«ዋሻ ነው፣ ይቆራረጣል» እላለሁ።
ከወጣንም በኋላ ቶሎ አልከፍተውም።
ትንሽ እንሂድ።
አንድ ሁለት ኩርባ።